ውሃ ያላየ ጨርቅ አይቆረጥም

"ቀለሙ ይለቃል?" ብላችሁ ጨርቅ ነጋዴ አትጠይቁ። መልሱ አንድ ነው፤ "ወላሂ አይለቅም!" ከድሬዳዋ ገበያዎች ታይዋንም ሂዱ አሸዋ፣ ይኸው ነው። ነጋዴው ውሸታም ሆኖ አይደለም። እሱም ጣቃውን ሲረከብ ውሃ ውስጥ ነክሮ አላየውም። ስለዚህ እኔ ከቤት ስወጣ እርጥብ ነጭ መሃረብ በፌስታል ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ። የጨርቁን ዳር በመሃረቡ ጠንከር አድርጌ እፈትጋለሁ። "አቦ፣ ልትገዢ ነው ወይስ ልታጥቢ?" ይሉኛል። ሁለቱንም ነው። መሃረቡ ቀይ ሆኖ ከተመለሰ ጨርቁንም ወላሂውንም እዚያው ትቼ እሄዳለሁ።

የምሰፋው ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚገጣጠም አልጋ ልብስ ነው፤ ኩዊልት የሚባለው። ከላይ የተገጣጠመው ጨርቅ፣ መሃል ሙቀት የሚሰጠው፣ ከስር ደግሞ ገበር። ሦስቱ አንድ ላይ በስፌት ይያያዛሉ። ድሬዳዋ ላይ ይሄን ማን ይለብሳል ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ግንቦት ላይ እዚህ አንሶላም ይከብዳል። ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል። ከደንበኞቼም ብዙዎቹ ሐረር ናቸው። እኛ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ እነሱ 1800ን ያልፋሉ። ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ስትጨርሱ ንፋሱ ሌላ ነው።

አባቴ ኮተኒ ሽመና ክፍል ነበር የሚሠራው፤ የድሬዳዋ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካን ማለቴ ነው፣ የሰፈር ሰው በሌላ ስም አይጠራውም። ጨርቅ ሲያይ ቀድሞ የሚያየው ጀርባውን ነበር። እኔም ከሱ የያዝኩት ይሄንን ነው። ፊቱ ላይ ያለው አበባ ሊሸጥላችሁ የተሳለ ነው። ጀርባው ግን አያስመስልም።

ሱቅ ውስጥ

የምትገዙት ንጹሕ ጥጥ ይሁን። ፖሊስተር ይበረታል፣ አይጨማደድም፣ እሱ እውነት ነው። ነገር ግን ቁርጥራጭ ስትገጣጥሙ እያንዳንዱን ስፌት በካውያ ማስተኛት አለባችሁ። ጥጥ በካውያ ያስተኛችሁት ቦታ ይቀራል። ፖሊስተር ተመልሶ ይነሳል፣ ካውያው ከጋለ ደግሞ ይቀልጣል። ከሁሉም የሚብሰው ሁለቱን በአንድ አልጋ ልብስ ላይ ማደባለቅ ነው። ታጥቦ ሲወጣ ጥጡ ይሰበሰባል፣ ፖሊስተሩ ባለበት ይቆያል፣ መሃላቸው ያለው ስፌት ይጨማደዳል። ቴትሮን የሚሉት ድብልቅም ያው ነው። ለዩኒፎርም ጎበዝ ጨርቅ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም።

እዚህ የሚመጣው ጨርቅ አብዛኛው ምልክት የለውም። ዳሩ ላይ "100% ኮተን" ተብሎ የታተመበትም ቢሆን ጽሑፉን ብቻ አልቀበልም። ጫፉን በጡጫዬ ጨምድጄ ጥቂት ሰከንድ እይዝና እለቀዋለሁ። ጥጥ ተጨማዶ ይቀራል። እንዳልተነካ ሆኖ ከተዘረጋ ፖሊስተር አለበት። እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ ከዳሩ ጥቂት ክር ምዘዙና ከሱቁ ውጪ፣ ሲሚንቶ ላይ፣ ክብሪት ለኩሱበት። (ከሱቁ ውጪ ነው ያልኩት! ጨርቅ በተከመረበት ክብሪት የሚጭር ደንበኛ ማንም አይወድም።) ጥጥ ቶሎ ይነዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ ግራጫ ሆኖ በጣት ሲነካ ይበተናል። ፖሊስተር እየቀለጠ ይሸሻል፣ ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይሆናል። ድብልቁ ይነድና ከአመዱ መሃል ጠጠር ይተዋል። ድሩንም ማጉንም ለየብቻ ሞክሩ። ድሩ ጥጥ ሆኖ ማጉ ሌላ የሆነ ጨርቅ አለ።

ቀጥሎ ጥቅጥቅነቱ ነው። ጨርቁን ከጣቃው ላይ አንድ እጥፍ ብቻ ይዛችሁ በር ላይ ውጡ። የሱቅ መብራት ያታልላል። እጃችሁን ከስሩ አድርጋችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ጣቶቻችሁ አንድ በአንድ የሚቆጠሩ ከሆነ ጨርቁ ዘርዛራ ነው። ዘርዛራ ጨርቅ መሃል የገባው ጥጥ በቀዳዳው ብቅ ብቅ ይልበታል፣ ስፌቱም ይከፈታል። ለኩዊልት ተብሎ የሚሸመን ጨርቅ በአንድ ኢንች ውስጥ በድርም በማግም 60 እና ከዚያ በላይ ክር አለው፤ በሴንቲሜትር 24 አካባቢ ማለት ነው። በዓይን አይቆጠርም፣ በስልክ ግን ይቆጠራል። ማስመሪያ ወይም የልብስ ሰፊ ሜትር አጠገቡ አስቀምጡ፣ ፎቶ አንሱ፣ አጉሉት፣ አንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ያለውን ቁጠሩ። ክብደቱም በካሬ ሜትር ከ130 እስከ 150 ግራም ድረስ ቢሆን ጥሩ ነው። ሱቅ ውስጥ ሚዛን ስለሌለ፣ ደህና የወንድ ሸሚዝ ፖፕሊን በእጃችሁ ምን ያህል እንደሚከብድ አስታውሱና ከዚያ ጋር አስተያዩት።

አሁን ደግሞ ጥፍር። ሁለት አውራ ጣቶቻችሁን ጎን ለጎን ጨርቁ ላይ አስደግፉና ክሮቹን ወዲህና ወዲያ ለማንሸራተት ሞክሩ። ክሩ ተንሸራቶ ክፍተት ከፈጠረ ተዉት። የቁርጥራጭ ስፌት ከዳር የሚገባው 6 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ክሩ የሚንሸራተት ጨርቅ በዚያች 6 ሚሊሜትር አይያዝም፣ ሦስተኛው እጥበት ላይ ይለቃል።

አንዳንድ ጨርቅ ሲነኩት ደረቅ ያለ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም ነው። ደንበኛ "ወይ ጥራት!" ይላል። ጨርቁ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የተቀባ ስታርች ሊሆን ይችላል። በሁለት መዳፍ መሃል እንደ ልብስ አጣቢ እሹት። ነጭ ዱቄት ከረገፈና ጨርቁ እጃችሁ ላይ ከተልፈሰፈሰ፣ ስትገዙት የነበረው ስታርቹን ነው። ታጥቦ የሚቀረው መረብ ነው።

ጀርባውን አትርሱ። ህትመት ከሆነ ቀለሙ በመጠኑም ቢሆን ወደ ጀርባ ዘልቆ መታየት አለበት። ጀርባው ወረቀት መስሎ ነጭ ከሆነ ቀለሙ ላይ ላዩን ነው፣ ሲታሽ ይገፈፋል። መስመር ወይም ሳጥን ያለው ህትመት ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ዳር ገጥማችሁ እጠፉት። መስመሩ ከድርና ከማጉ ጋር ካልሄደ ስትቆርጡት ወይ ህትመቱ ይጣመማል ወይ ጨርቁ። ሁለቱንም ማቅናት አይቻልም።

ገበያ የምወጣው ጠዋት ነው። ከቀትር በኋላ ግማሹ ሱቅ ዝግ ነው፣ የቀረው ምርቃና ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ጣቃ አውርዱልኝ ማለት ግፍ ነው።

ስንት ሜትር? ወርዱን ጠይቁ። አቡጀዴ ብዙ ጊዜ ጠበብ ይላል፣ የህትመት ጥጥ 1 ሜትር ከ10 አካባቢ ነው፣ የአንሶላ ጨርቅ ደግሞ ከ2 ሜትር በላይ ይወጣል። ለገበር የአንሶላ ጨርቅ ስፌት ያስቀርላችኋል። ጥጥ ታጥቦ ከ2 እስከ 5 በመቶ ይሰበሰባል ብላችሁ አስቡ። ከ3 ሜትር ላይ እስከ 15 ሴንቲሜትር ማለት ነው። ዳርና ዳሩ ሲስተካከል የሚጠፋውም አለ። ስለዚህ 3 ሜትር የሚበቃችሁ ከሆነ 3 ሜትር ከ30 አስቆርጡ። ፍላኔልና አቡጀዴ ከዚህም በላይ ሊያጥሩ ይችላሉ።

ከልብስ ሰፊና ከልባሽ

አዲስ ጣቃ ብቻ ነው ያለው ማን አለ? ሐረር ስሄድ ፈረስ መጋላ ወርጄ መኪና ግርግር እገባለሁ። የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ነው፣ ስሙንም ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ከኢድና ከሸዋሊድ በፊት ሥራ ሲበዛ የእራፊ ጆንያው ይሞላል። አንዱን ሽማግሌ ልብስ ሰፊ "አባባ፣ እራፊ አለህ?" እላለሁ። "ውሰጅ፣ መጥረጊያውን ታሳርፊልኛለሽ" ይለኛል። ችግሩ ጆንያው ውስጥ ሳቲንም ናይለንም ጥጥም አንድ ላይ ነው ያለው። እዚያው ቁጭ ብዬ ጨምድጄ እለያለሁ፣ ያጠራጠረኝን ቤት ወስጄ ክሩን አቃጥላለሁ። ከመዳፍ ያነሰውን አልወስድም። ሲታጠብ ተተርትሮ ያልቃል።

የወንድ ሸሚዝ ከልባሽ ተራ ሌላው ሀብት ነው። አንገቱ ላይ ወይም ጎኑ ላይ ምልክት አለው፣ ከምን እንደተሠራ ይነግራችኋል። ብዙ ጊዜ ታጥቧል፣ የሚሰበሰበውን ተሰብስቦ ጨርሷል፣ የሚለቀውንም ለቅቋል። ጀርባው ላይ አንድ ትልቅ ቁራጭ አለ። የምትፈሩት ክርኑንና የአንገቱን እጥፋት ብቻ ነው፣ ወደ ብርሃን ስትይዙት እዚያ ጋ ይሳሳል። ኮሌታውን ጣሉት።

መሃል ለሚገባው አሮጌ ጋቢ የሚያህል አላገኘሁም። ጥጥ ነው፣ ተሸምኗል፣ የፍራሽ ጥጥ ሲታጠብ እንደሚጓጉለው አይጓጉልም። ለድሬዳዋ ሰው አንድ እጥፍ ነጠላም ይበቃል። እሱም ግን እንደሌላው ቀድሞ ይታጠባል።

እጥበቱ

"ሳይታጠብ ቢሰፋ ምን ይላል?" የሚሉ አሉ። ያልታጠበ ጨርቅ ደረቅ ስለሚል ለመቁረጥ ይመቻል፣ ይሄ አይካድም። ሁሉም ጨርቅ ከአንድ ጣቃ ከሆነ፣ ቀለሙም ነጣ ያለ ከሆነ፣ አልከራከርም። እኛ ግን የምንሰፋው ከአሸዋ የመጣውን፣ ከሐረር ጆንያ የወጣውንና የአጎትን ሸሚዝ አንድ ላይ ነው። አንዱ 1 በመቶ ይሰበሰባል፣ ሌላው 5። ስለዚህ ወይ ሁሉም ይታጠባል ወይ ምንም አይታጠብም። የእኔ ምርጫ ሁሉም ነው።

ለምን እንደሚያጥር አባቴ የነገረኝ ይሄ ነው። ክሩ ሽመና መኪናው ላይ የሚወጠረው በኃይል ነው። ተወጥሮ ይሸመናል፣ ተወጥሮ ይጠቀለላል። ሙቅ ውሃ ሲያገኝ ክሩ ያበጥና ውጥረቱን ይለቃል፣ ወደ ራሱ ቁመት ይመለሳል። ከዚህ የሚወጣው ደንብ ቀላል ነው፤ ወደፊት አልጋ ልብሱ በሚታጠብበት ሙቀት አሁን ጨርቁን እጠቡት። በቀዝቃዛ ነክሮ በሙቅ ማጠብ ልፋት ነው። ድሬ ላይ ለዚህ ማሞቂያ አያስፈልግም። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ከሰዓት በኋላ የሚሰጣችሁ ውሃ እጅ ያስደነግጣል።

መጀመሪያ ጠንካራ ቀለሞቹን ለዩ፤ ቀይ፣ ቡና ዓይነት፣ ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ፒኮክ ሰማያዊ። ከእያንዳንዱ አውራ ጣት የምታህል ቁራጭ ቆርጣችሁ በብርጭቆ ሙቅ ውሃ ከትንሽ ኦሞ ጋር ለግማሽ ሰዓት ተዉት። ከዚያ ቁራጩን አውጡና እርጥቡን ነጭ ጨርቅ ላይ አስተኙት። ሲደርቅ ነጩ ላይ እድፍ ከቀረ ያ ጨርቅ ብቻውን ይታጠባል። ውሃው ትንሽ ቢቀላ አትደንግጡ። ወሳኙ ነጩ ላይ የሚቀረው ነው።

ጨርቁ ሳፋ ከመግባቱ በፊት አራቱን ማዕዘን በመቀስ ገደድ አድርጋችሁ ትንሽ ቁረጡ። ተራ ነገር ይመስላል፣ ግን መተርተሩን በጣም ይቀንሰዋል። ትልልቁን በሁለቱ የተቆረጠ ጫፍ ዚግዛግ ምቱት፣ ወይም ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ በኦቨርሎክ ያስኬድላችሁ። የፋብሪካው ዳር፣ ማለትም ሲሸመን ጠብቆ የተዘጋው ያልተቆረጠ ዳር፣ ያለበት ጎን አይተረተርም፣ እሱን ተዉት።

የድሬዳዋ ውሃ ኖራ የበዛበት ነው። ማንቆርቆሪያችሁን ክፈቱና እዩት። ለዚህ ነው የደረቅ ሳሙና አረፋ የማይነሳው። ሳሙናው ከኖራው ጋር ይያያዝና ግራጫ ቅባት ሆኖ ጨርቁ ላይ ይቀመጣል፣ ጥቁሩን አመዳም ያደርገዋል። የዱቄት ሳሙና ይሻላል፣ ለአንድ ሳፋ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ዱቄቱ ሟምቶ ሳያልቅ ጨርቅ አትክተቱ። በረኪና አይነካውም። እየገለባበጣችሁ ጫን ጫን አድርጉት እንጂ እንደ ካልሲ አትሹት። ይሄ ቆሻሻ ማስለቀቅ አይደለም፣ ስታርቹንና የፋብሪካውን ኬሚካል ማውጣት ነው። አዲስ ጨርቅ ዓይናችሁን ሲያቃጥል፣ ሲያስነጥሳችሁ አስተውላችሁ ከሆነ፣ እንዳይጨማደድ ብለው የሚቀቡት ነገር ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ማለቅለቅ። ውሃው ጥርት እስኪል። ጥቁርና ቀይ ብዙ ውሃ ይጠይቃሉ፣ እዚህ ላይ መሰሰት የለም። በመጨረሻው ውሃ ላይ አንድ የቡና ሲኒ አቼቶ ጠብ አድርጉ፣ ኖራውን ያነሳዋል።

አቼቶ ካልኩ አይቀር። አክስቶቻችን "በጨውና በአቼቶ ዘፍዝፊው፣ ቀለሙ ይያዛል" ይላሉ። አይይዝም። ጨው ጨርቅ ሲቀለም ማቅለሚያው ገንዳ ውስጥ ሥራ አለው። ፋብሪካ ቀልሞ የጨረሰውን የጥጥ ቀለም ግን ቤት ውስጥ ጨው አያስርም። የሚለቅ ጨርቅ መድኃኒቱ ትርፉ ቀለም እስኪያልቅ በሙቅ ውሃ መታጠብ ነው። አምስተኛው ውሃ ላይም የሚለቅ ከሆነ፣ ለትራስ ውስጠኛ ሽፋን አውሉት። ከነጭ ጎን አትስፉት።

ሐረር ያላችሁ፣ ውሃ በፈረቃ የሚመጣላችሁ፣ ይሄን ሁሉ ውሃ ከየት እናምጣ እንደምትሉ አውቃለሁ። ቅደም ተከተሉን ተጠቀሙ። ነጭና ነጣ ያሉት መጀመሪያ፣ በዚያው የሳሙና ውሃ መካከለኞቹ፣ መጨረሻ ላይ ጥቁሮቹ። የነጮቹ ማለቅለቂያ ለጥቁሮቹ የመጀመሪያ ማለቅለቂያ ይሆናል። የመጨረሻው ለግቢ። የሚለቁትን ብቻ ውሃ የመጣ ቀን ጠብቁላቸው። እራፊዎችን ደግሞ በመረብ ከረጢት ወይም በአሮጌ የትራስ ልብስ ውስጥ ቋጥራችሁ አብራችሁ ንከሩ። አለበለዚያ ክሩ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ግማሽ ቀን ትፈታላችሁ።

አትጠምዝዙት። ማዕዘኑን ይዞ መጠምዘዝ ድርና ማጉን ያጣምማል። በፎጣ ጠቅልላችሁ ጫኑትና በፋብሪካው ዳር በኩል በቁመቱ ገመድ ላይ ዘርጉት። ጥላ ቦታ፣ ፊቱን ወደ ውስጥ። ድሬ ፀሐይ ላይ ጨርቅ ገመዱ ሳይሞላ ይደርቃል፣ ግን ቀለሙንም ይበላዋል። ጨርሶ ሳይደርቅ አውርዱት። ትንሽ እርጥበት ሲቀረው ነው ካውያ የሚወደው። ካውያውን አንሱና አስቀምጡ፣ በድሩ አቅጣጫ። ገደድ አድርጎ መግፋት ጨርቁን ይለጥጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ካሬ የቆረጣችሁት ሁሉ ካሬ አይሆንም።

ከታጠበ በኋላ ልስልስ ብሎ ለመቁረጥ ካስቸገራችሁ የሩዝ ውሃ አቅጥናችሁ ርጩበትና ተኩሱት። በዚያው ሳምንት የምትቆርጡትን ብቻ ይሁን። ስታርች የነካው ጨርቅ ቁም ሳጥን ከከረመ በረሮ ይጠራል።

ስትቆርጡ የፋብሪካውን ዳር ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሴንቲሜትር አንሱት። እዚያ ጋ ክሩ የጠበቀ ስለሆነ አሰባሰቡ ከሌላው አይገጥምም።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም ያለቀ አልጋ ልብስ መጀመሪያ ሲታጠብ ቀይ ወደ ነጭ ሊሄድ ይችላል። ያኔ አታድርቁት፣ ካውያም አይንካው። እርጥብ እያለ ትልቅ ገንዳ ውስጥ፣ እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ፣ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምራችሁ ሙሉ በሙሉ ንከሩት። ከውሃው በላይ የቀረ ጫፍ እንዳይኖር። ሌሊቱን ይደር። ጠዋት ውሃው ከቀላ ድፉትና እንደገና በአዲስ ሙቅ ውሃ። ነጭ ሲኒ በውሃው ሞልታችሁ እዩት። ሲኒው ውስጥ ቀለም መታየቱን ሲያቆም ነው ገመድ ላይ የሚወጣው።